የቬኒስ ዓሣና የቬኒስ መሐንዲሶች

ለስብሰባም ሆነ ለትምህርት ወደ ሰሜን ኢጣልያ የሚሄዱ የሙያ ባልደረቦቻችን ቬኒስን አይተው ሲመለሱ ስለ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይና ስለ ሪያልቶ ድልድይ ብዙ ያወራሉ፤ ስለ በሉት ምግብ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ ፊታቸው ይጨማደዳል። በውሃ መካከል በተሠራች ከተማ ተቀምጠው ከማቀዝቀዣ የወጣ ዓሣ ቀርቦላቸዋል፤ ሒሳቡም ከምግቡ ይልቅ ትዝ ይላቸዋል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚሄደው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «እዚያ ጥሩ ዓሣ የት ይበላል?» ብሎ ነው።

ጥያቄው የሆድ ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ መልሱን አጥብቆ የፈለገ ሰው ሳያስበው ወደ ውሃ ምሕንድስና ታሪክ ይገባል። በቬኒስ ከዓሣው በፊት ውሃው አለ፤ ያ ውሃ ደግሞ ተፈጥሮ እንደተወው የተቀመጠ ሳይሆን፣ ሰዎች ስድስት መቶ ዓመት ያህል ሲከራከሩበት፣ ሲቆፍሩትና ሲገድቡት የኖሩት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማይቱን የከበበው ውሃ ላጉና ይባላል። ስፋቱ 550 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአድሪያቲክ ባሕር የሚለየው ቀጭን የአሸዋ ደሴቶች ሰንሰለት ነው። ባሕሩ የሚገባና የሚወጣው በሦስት አፎች፣ ይኸውም በሊዶ፣ በማላሞኮና በኪዮጃ ነው። አብዛኛው ክፍል ቁሞ ለሚሄድ ሰው ከወገብ የማያልፍ ሲሆን፣ በመካከሉ ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈኑ፣ ሲጎድል የሚገለጡ ጨዋማ ረግረጎች ይገኛሉ። ይህ ጥልቀት የሌለውና ቶሎ የሚሞቅ ውሃ ለዓሣ ጫጩቶች እንደ ማሳደጊያ ቤት ነው። ብራንዚኖ፣ ኦራታና ቼፋሎ የተባሉት ዓሦች እንቁላላቸውን በባሕር ጥለው፣ ጫጩቶቻቸው በጸደይ ወራት ወደ ላጉናው ይገባሉ፤ በልግ ሲመጣና ውሃው ሲቀዘቅዝ ወደ ጥልቁ ባሕር ይመለሳሉ። ሴፒያ የተባለችውም ባለ ጥቁር ቀለም እንስሳ በጸደይ ለመራባት ትገባለች። የቬኒስ ማዕድ የወቅት ማዕድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለ ውሃ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ወንዞች ደለል ካመጡበት ተሞልቶ የብስ ይሆናል፤ ባሕሩ ካሸነፈው ደግሞ ረግረጉ ተጠርጎ የባሕር ወሽመጥ ይሆናል። በሁለቱ ሞቶች መካከል ማቆየት የሰው ሥራ ሆነ። የቬኒስ ሪፑብሊክ በመጀመሪያ የፈራችው የብስ መሆኑን ነበር። ብሬንታ፣ ሲሌና ፒያቬ የተባሉት ወንዞች ደለላቸውን እያራገፉ የመርከብ መተላለፊያውን ይዘጉ፣ ሸምበቆና የወባ ትንኝ የሚራባበትን ጣፋጭ ውሃም ያስፋፉ ነበር። የእኛው የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮችን ገጸ በረከት አድርገው በ1402 ቬኒስ በገቡበት ጊዜ፣ ሪፑብሊኳ ከብሬንታ ጋር ትግል ከገጠመች ብዙ አሥርተ ዓመታት ተቈጥረው ነበር።

በ1501 የውሃ ጉዳይ የሚመለከት ልዩ ሹመት ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ሥልጣኑ ብርቱ ነበር፤ ያለ እርሱ ፈቃድ በላጉናው ውስጥ ካስማ መትከል ወይም ጭቃ መድፋት አይቻልም። የሙያ ማኅበራችን አባል ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ክርክር የተነሣው በዚሁ መሥሪያ ቤት ዙሪያ ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በኪዮጃ ከተማ የተወለደውና የመሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ የነበረው ክሪስቶፎሮ ሳባዲኖ ነው። ሁለተኛው በፓዶቫ አካባቢ ረግረግ እያደረቀ የእርሻ መሬት ያወጣ የነበረው ባለጸጋ አልቪሴ ኮርናሮ ነው።

የኮርናሮ ሐሳብ ቀላልና የሚያሳምን ነበር። ከተማይቱ እህል ከሩቅ ታስመጣለች፤ ጦርነት ሲነሣ ትራባለች። ስለዚህ በላጉናው ዳር ያለውን ረግረግ በግድብ ለይቶ ማድረቅና ስንዴ መዝራት ይገባል አለ። ሳባዲኖ በበኩሉ የላጉናው ስፋት ራሱ የከተማይቱ ቅጥር መሆኑን ይናገር ነበር። ባሕሩ ሲሞላ የሚገባው ውሃ ሲጎድል በኃይል ወጥቶ የመርከቡን መንገድ የሚጠርገው ስፋት ሲኖረው ብቻ ነው፤ ከላጉናው አንድ ማሳ ቆርሶ የወሰደ ሰው የዚያን ያህል ውሃ ከባሕሩ አፍ ይቀንሳል፤ አፉም በደለል ይዘጋል። ዛሬ ማንኛውም የወደብ መሐንዲስ የሚያውቀውን ይህን ሒሳብ እርሱ ቀመር ሳይኖረው፣ የኪዮጃ ልጅ በመሆኑ ከውሃው ጋር አድጎ ያገኘው ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ነገሩ የስንዴና የዓሣ ክርክር ነበር ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። የሚያስገርመው፣ ለስንዴው የተከራከረው ኮርናሮ በዓለም የታወቀው ስለ ልከኛ ኑሮ በጻፈው መጽሐፍ ነው፤ እርሱ ራሱ በቀን የሚበላውን እየመጠነ ረጅም ዕድሜ የኖረ ሰው ነው። ብዙ በማይበላ ሰው ሐሳብ የቬኒስ ማዕድ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሪፑብሊኳ ሁለቱንም በየቦታቸው አደረገች። በ1556 ያልታረሱ መሬቶችን የሚያለማ ሹመት አቋቁማ፣ የማድረቁ ሥራ በየብስ በኩል እንዲሠራ ፈቀደች፤ ላጉናውን ግን እንዳይነካ ጠበቀች። ቀጥሎም ወንዞቹን አንድ በአንድ ከላጉናው አስወጣች። ከ1600 እስከ 1604 ባለው ጊዜ የፖ ወንዝ አፍ ወደ ደቡብ እንዲዞር አዲስ መተላለፊያ ተቆፈረለት። በ1610 የብሬንታ ውሃ በአዲስ ቦይ ወደ ደቡብ ተወሰደ። በ1664 ፒያቬ፣ በ1683 ደግሞ ሲሌ ከላጉናው ወጡ፤ ሲሌ ፒያቬ በለቀቀው አሮጌ መንገድ እንዲፈስ ተደረገ። ይህ ሁሉ በአካፋና በዶማ፣ በሰው ጉልበት የተሠራ መሆኑን ልብ ይሏል። በባሕሩ በኩል ደግሞ በቤርናርዲኖ ዜንድሪኒ ዕቅድ መሠረት ከ1744 እስከ 1782 ድረስ ከኢስትሪያ ድንጋይና በውሃ ውስጥ ከሚደርቅ ፖዞላና ከተባለ ስሚንቶ 14 ሜትር ስፋት ያለው የማዕበል መከላከያ ግንብ ተገነባ። ሪፑብሊኳ በናፖሊዮን ከመውደቋ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1791፣ የላጉናው ወሰን በ99 የድንጋይ ምልክቶች ተከለለ።

በዚያ ወሰን ውስጥ ዓሣ አጥማጁ የራሱን ምሕንድስና ሲሠራ ኖሯል። በላጉናው ዳር «ቫሌ» የሚባሉ የታጠሩ ኩሬዎች አሉ። ጥንት አጥራቸው ሸምበቆ ነበር፤ በኋላ አፈርና ድንጋይ ሆነ። አሠራሩ የዓሣውን ጠባይ ከማወቅ የመነጨ ነው። በጸደይ ጫጩቶቹ እንዲገቡ በሩ ይከፈታል፤ በበጋ በኩሬው ውስጥ ተመግበው ያድጋሉ፤ በልግ ላይ ቅዝቃዜው ሲነዳቸውና የባሕሩ ጨዋማ ውሃ ሲሸታቸው ወደ መውጫው ይጎርፋሉ። መውጫው እየጠበበ የሚሄድ ወጥመድ ነው፤ በዚያ ትልልቁ ተመርጦ ይያዛል፤ ትንሹ ለሚመጣው ዓመት ይመለሳል። መረብ አይጣልም፤ መንጠቆ አይወረወርም። ዓሣው ራሱ ወደ ገበያ ይሄዳል ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ጥበብ የሚበልጠው የሸርጣኑ ነው። የላጉናው ትንሽ አረንጓዴ ሸርጣን በጸደይና በልግ ቅርፊቱን ይጥላል፤ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ድረስ ገላው ለጥቂት ሰዓታት ለስላሳ ይሆናል። በዚያች አጭር ጊዜ የተያዘው «ሞኤካ» ይባላል፤ እንዳለ ይበላል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን በባሕር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ በኪዮጃ፣ በቡራኖና በጁዴካ የሚገኙ ባለሙያዎች ሸርጣኑን ቅርፊቱን ሳይጥል ይይዙታል፤ ከዚያም ተቀምጠው በእጃቸው አንድ በአንድ እያገላበጡ፣ በሆዱና በጎኑ ላይ በሚታይ ጥቂት ምልክት መቼ እንደሚጥል ይለያሉ። የቀረበው በውሃ ውስጥ በተንጠለጠለ ባለ ቀዳዳ የእንጨት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሣጥኑም በየቀኑ ይፈተሻል። አንድ ቀን የዘገየ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው እንደገና የጠነከረ ሸርጣን ነው። ዋጋው እንደ ወርቅ የሆነው ለዚህ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው።

የተያዘው ሁሉ የሚሸጥበት ቦታ ሪያልቶ ነው። ገበያው በዚያ ከቆመ ከዘጠኝ መቶ ዓመት ይበልጣል። አሁን ያለው በታላቁ ቦይ ዳር የቆመው የዓሣ አዳራሽ ግን በ1907 በዶሜኒኮ ሩፖሎና በቼዛሬ ላውሬንቲ ዕቅድ የተሠራ ነው፤ ቅርጹ የጥንት እንዲመስል ተደርጎ ስለ ተሠራ ብዙ ጎብኚዎች የመካከለኛው ዘመን ሕንጻ ነው ብለው ፎቶግራፍ ያነሡታል። ከአዳራሹ አጠገብ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእብነ በረድ ሰሌዳ አለ። የእያንዳንዱ ዓይነት ዓሣ ለመሸጥ የሚፈቀደው ትንሹ ርዝመት ተጽፎበታል፦ ሰርዲን 7 ሴንቲ ሜትር፣ እባብ መሰሉ አንጉዊላ 25፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖረው ኦስትሪካ 5። ከዚያ በታች የሆነውን ለገበያ ማቅረብ ክልክል ነበር። እኔ በበኩሌ ከከተማይቱ ቤተ መንግሥቶች ሁሉ ይልቅ ይህ ሰሌዳ ስለ ቬኒስ መንግሥት የበለጠ ይነግረኛል።

ስለ አበሳሰሉም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የከተማይቱ ታዋቂ ምግብ «ሳርዴ ኢን ሳኦር» ሲሆን፣ የተጠበሰ ሰርዲን በብዙ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ዘቢብና የፒኖ ፍሬ ተጨምሮበት ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ በኋላ የሚበላ ነው። መነሻው መርከበኞች በጉዞ ላይ ዓሣው እንዳይበላሽባቸው የፈጠሩት ዘዴ ነው። የ1575–77ቱ ቸነፈር ያበቃበት መታሰቢያ በሆነው በሐምሌ ሦስተኛ እሑድ በዓል ይህ ምግብ ከማዕድ አይጠፋም።

ሁለተኛው ምግብ ግን ከላጉናው አይገኝም። በ1431 ፒዬትሮ ኩዌሪኒ የተባለ መኰንን የወይን ጠጅ ጭኖ ከቀርጤስ ወደ ፍላንደርስ ሲጓዝ ማዕበል መርከቡን ሰበረበት። ከ68 ሰዎች 11 ብቻ ተርፈው በጥር 1432 በኖርዌይ ሰሜን ሮስት በምትባል ደሴት ላይ ወጡ። የደሴቲቱ ሰዎች ዓሣውን ያለ ጨው በነፋስና በፀሐይ እንደ እንጨት እስኪደርቅ አድርቀው፣ ከዚያ ቀጥቅጠው በቅቤ ሲበሉት አየ፤ ያየውንም ሁሉ ጻፈ። ይህ ደረቅ ዓሣ በቬኒስ «ባካላ» ተብሎ ሥር ሰደደ። በተለይም በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የትሬንቶ ጉባኤ የጾምን ሥርዓት ካጠበቀ በኋላ፣ ሥጋ በማይበላባቸው ቀኖች የድኻውም የሀብታሙም ምግብ ሆነ። ዓሣው ተዘፍዝፎና ተቀቅሎ፣ የወይራ ዘይት በቀጭኑ እየተጨመረበት እንደ ነጭ ቅባት እስኪሆን ይመታል፤ ከበቆሎ ገንፎ ጋር ይቀርባል። ለእኛ አገር ምላስ ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ፣ የእምነቱን ሥርዓት ጠብቆ ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የማይበላ አንባቢ በዚህች ከተማ አይራብም፤ ሰርዲኑም፣ ብራንዚኖውም፣ ኦራታውም፣ ባካላውም ለእርሱ የተፈቀዱ ናቸው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት አደጋው አቅጣጫውን ለወጠ። ወንዞቹ ከወጡ በኋላ ላጉናው ደለል አያገኝም፤ ስለዚህ ጥንት የተፈራው የብስነት ቀርቶ ባሕርነት መጣ። በ1917 በየብሱ ዳር የማርጌራ የኢንዱስትሪ ወደብ ተጀመረ፤ ለዚሁ ቦታ በላጉናው ውስጥ ብዙ ረግረግ ተሞላ። በ1960ዎቹ ለነዳጅ መርከቦች ከማላሞኮ እስከ ማርጌራ ድረስ ቀጥ ያለ ጥልቅ ቦይ ተቆፈረ። ሳባዲኖ ቢያየው ኖሮ የሚለውን መገመት አያስቸግርም፤ ውሃው በዚያ ቦይ እየፈጠነ የማዕከላዊውን ላጉና ወለል ጠረገው፤ ረግረጉም እየተሸረሸረ ሄደ። በኅዳር 4 ቀን 1966 ደግሞ ባሕሩ 194 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማይቱን አጥለቀለቃት።

ለዚያ መልስ የሆነው ሞዜ የተባለው ሥራ በ2003 ተጀመረ። በሦስቱ የባሕር አፎች ወለል ላይ 78 ባዶ የብረት በሮች በማጠፊያ ተያይዘው ተኝተዋል። በሰላሙ ጊዜ ውሃ ተሞልተው ይተኛሉ፤ ሙላት ሲያሰጋ የታመቀ አየር ውሃውን አስወጥቶ ከአንድ ወገን ያነሣቸዋል። ሥራው ዘገየ፤ ዋጋው ከአምስት ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆነ፤ በ2014 በጉቦ ጉዳይ 35 ሰዎች ታሰሩ፤ ከ1501 ጀምሮ የመጣው የውሃ መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ተዘጋ። በ2020 በወጣ ሕግ በምትኩ ሌላ ባለሥልጣን እንዲቋቋም ተወሰነ። በኅዳር 2019 ባሕሩ 187 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በሮቹ ገና አልተነሡም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ሙላት የተነሡት በጥቅምት 3 ቀን 2020 ነው። በዚያን ቀን የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ደረቅ ሆኖ ዋለ። ሥራው ተሳክቷል።

የዓሣው ነገር ግን በዚህ አልተዘጋም። በሮቹ የሚዘጉት ማዕበል ባለበት ቀን ነው፤ የረግረጉን ደለል የሚያነሣና ረግረጉ ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ ያው ማዕበል ነው። የባሕሩ ከፍታ በየዓመቱ እየጨመረ ሲሄድ በሮቹ የሚዘጉበት ቀን ይበዛል፤ ረግረጉም ከባሕሩ እኩል ማደግ ያቅተዋል። ከተማይቱን የሚያድነው መሣሪያ ለዓሣው ጫጩት ማሳደጊያ መጥበብ ምክንያት ሊሆን ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ሰው ሠራሽ ረግረግ እየተሠራ ነው፤ ይበቃል ወይ የሚለው ዛሬም የመሐንዲሶች ክርክር ነው፤ እንደ ሳባዲኖና እንደ ኮርናሮ።

በዚህ ላይ እንግዶች ተጨምረዋል። በ1983 ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ቨንጎላ የተባለ በዛጎል የሚኖር እንስሳ በላጉናው ተለቀቀ፤ እጅግ ተራባ፤ በ1990ዎቹ በሞተር የሚጎተት መሣሪያ ወለሉን እያረሰ የሚለቅመው ብዙ ሆነ፤ ገንዘቡ መልካም ነበር፤ የውሃው ወለል ግን ተጎዳ። በ2023 ደግሞ ከአሜሪካ ዳርቻ የመጣው ሰማያዊ ሸርጣን በፖ ወንዝ አፍና በላጉናው በድንገት በዝቶ ቨንጎላውን ጨረሰው፤ የኢጣልያ መንግሥት ለመያዣው 2.9 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። አሁን ምግብ ቤቶች ሰማያዊውን ሸርጣን ከመኮሮኒ ጋር ያቀርባሉ። ሥጋው ጣፋጭ ነው ይባላል፤ አጥማጆቹ ግን ስለ ጣዕሙ ሲወራ ደስ አይላቸውም።

እንግዲህ የት ይበላል? ከገበያው መጀመር ይሻላል። የሪያልቶ ዓሣ ገበያ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ጧት ይቆማል፤ የሻጮቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት ቢቀንስም የተለጠፈውን የዓሣ ስምና የመጣበትን ቦታ ማንበብ ብቻ ትምህርት ነው። በዙሪያው «ባካሮ» የሚባሉ ትንንሽ የወይን ጠጅ ቤቶች አሉ፤ ቆሞ በዳቦ ላይ የተቀባ ባካላና አንድ ሳርዴ ኢን ሳኦር በጥቂት ዩሮ ይበላል። ተቀምጦ መብላት ለፈለገ፣ ከሪያልቶ ብዙ ሳይርቅ አንቲኬ ካራምፓኔ፣ ከሃያ ብዙ የማይበልጥ መቀመጫ ያለው አሌ ቴስቲዬሬ ስማቸው የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው፤ ዋጋቸውም የመንግሥት ሠራተኛ አበልን ይፈትናል። በቡራኖ ደሴት ዳ ሮማኖ የተባለው ቤት «ጎ» በምትባል የላጉና ትንሽ ዓሣ መረቅ የተሠራ ሩዝ ያቀርባል፤ ያች ዓሣ አጥንቷ የበዛ ስለሆነ ለብቻዋ አትበላም፤ መረቋ ግን የላጉናው ጭማቂ ነው።

በየትኛውም ቤት ጥቂት ነገሮችን ማየት ይጠቅማል። በምግብ ዝርዝሩ ላይ ከስሙ ጎን የኮከብ ምልክት ካለ ዓሣው በበረዶ የቆየ ነው ማለት ነው። ዋጋው በ100 ግራም የተጻፈ እንደሆነ ክብደቱ ሳይጠየቅ አይታዘዝም። ገበያው እሑድና ሰኞ ስለማይቆም ሰኞ ማታ ትኩስ ዓሣ አለ የሚለውን ሰው ከየት አመጣኸው ማለት ይገባል። በጥር ወር ሞኤካ የሚያቀርብ ቤት ሸርጣኑን ከላጉናው አላገኘውም።

ጊዜና አቅም ላለው ግን የእኔ ምክር ኪዮጃ ናት። ከሊዶ በ11 ቁጥር አውቶቡስ ተነሥቶ፣ በመካከል ከነአውቶቡሱ በጀልባ ተሻግሮ፣ የዜንድሪኒን የድንጋይ ግንብ በግራ እያዩ በፔሌስትሪና ደሴት ላይ ይኬዳል፤ ከዚያ በሌላ ጀልባ ኪዮጃ ይደረሳል። የሳባዲኖ የትውልድ ከተማ ዛሬም የአጥማጆች ከተማ ናት፤ ጀልባዎቿ ከአድሪያቲክ ታላላቅ የዓሣ መርከብ ስብስቦች አንዱ ናቸው። በ1322 ከተሠራው የእህል ጎተራ ጀርባ፣ በቦዩ ዳር፣ በቀይ ድንኳኖች ሥር የችርቻሮ ዓሣ ገበያ አለ። ከእኩለ ቀን በፊት መድረስ ያስፈልጋል፤ በአቅራቢያው ባሉት ትራቶሪያዎች የሚቀርበው ጧት በዚያ የተሸጠው ነው፤ ዋጋውም ከቬኒስ ይቀላል። ሰኞ ግን ዝግ ነው።